የአሽቀሎን ሂናና የእናቶቻችን ቅቤ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የአሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ውሎ ላይ የተደረገ ንግግር፤ ለመጽሔቱ እንዲመች በጥቂቱ ታርሟል)

ፀሐዩ የበረታባችሁ ወደ ዛፉ ሥር ጠጋ በሉ፤ ንግግሩ አጭር ነው ብለን አንዋሻችሁም።

ዘንድሮ የተሰጠን ርእስ «መዓዛ ያላቸው ዛፎችና ዘይታቸው» የሚል ነበር። ሐሳቡን ያመጡት ሴት አባሎቻችን ናቸው። በየሱቁ በትንንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ይላንግ ይላንግ የሚሉት ዘይት ምን እንደ ሆነ፣ ለፀጉርና ለቆዳ ይሆናል የሚባለውም እውነት እንደ ሆነ አጣሩልን አሉን። አጣራን። ይላንግ ይላንግ አገሩ ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሆነ ረጅም ዛፍ ነው፤ ዛሬ ግን ዘይቱ በብዛት የሚመጣው እዚያው አፍሪካ ጎን ካሉት ከኮሞሮስ ደሴቶችና ከማዳጋስካር ነው። ቢጫ አበባው በማለዳ ይለቀማል፣ ሳይውል ሳያድር በእንፋሎት ይጣራል። መጀመሪያ የሚወጣው ውዱ ነው፣ ኋላ የሚወጣው ዋጋው እየረከሰ ይሄዳል። በ1921 እ.ኤ.አ. የወጣው ሻኔል ቁጥር 5 የተባለው ሽቶም ይህ አበባ አለበት። ሽታው ደስ ይላል፣ አልካድንም። ነገር ግን ሳይበረዝ ቆዳ ላይ ከዋለ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፤ ከ100 ጠብታ ተራ ዘይት ውስጥ አንድ ጠብታ እንኳ በዛ ይባላል። የጠየቃችሁን መልሱ ይኸው ነው።

ስለ እሱ ስናነብ ስናነብ ግን ሌላ ነገር አገኘንና ርእሱን ይዘን ወደ ቤታችን ተመለስን። ለካ በሽቶ ዘይቷ ስሟ በሮማ ድረስ የተነሣ ከተማ ይቺው የተቀመጥንባት ኖራለች!

ከተማይቱን በመጽሐፍ አስቀሎና እያልን እናውቃታለን፤ ስሟ የሚነሣው ከፍልስጥኤማውያን ጋር ነው። ጠዋት ያለፋችሁበት የከነዓናውያን በር ወደ 3,850 ዓመት የሚጠጋው የጭቃ ጡብ ቅስት ነው። በ604 ከዘመናችን በፊት ናቡከደነፆር አጠፋት፤ ደግማ ተሠራች። በ1270 እ.ኤ.አ. ሱልጣን ባይባርስ አፈረሳት፤ ከዚያ በኋላ በዚህ ቦታ አልቀናችም። ከ1985 እስከ 2016 ድረስ ደግሞ በሎውረንስ ስቴጀር መሪነት የተጀመረው ትልቁ ቁፋሮ እዚሁ ተካሂዷል። ይህን አስጎብኚው በደንብ ነግሯችኋል፣ አንደግመውም። ድንጋይ በቁፋሮ ይወጣል፤ ሽታ ግን አይወጣም፣ የሚገኘው በጽሑፍ ነው።

ወደ ጽሑፉ ከመግባታችን በፊት ለእናቶች አንዲት ነገር። የሮማ ሰዎች አንድ ዓይነት ሽንኩርት በዚህች ከተማ ስም ይጠሩ ነበር፤ ፈረንጆች ዛሬ ሻሎት የሚሉት ስም ከዚያ የተወለደ ነው። ያ ትንንሹ የአበሻ ቀይ ሽንኩርት፣ ልጠው ልጠው የማይጨርሱት፣ የሻሎት ወገን ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስታቁላሉ የአሽቀሎንን ስም እያቁላላችሁ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ሂናው። ሂና ሲባል ሁላችንም ዓይናችን ላይ የሚመጣው የሙሽራ እጅ ነው፤ ማለትም ቅጠሉ። የጥንቶቹ ግን አብልጠው ዋጋ የሰጡት ለአበባው ነው። ፕሊኒ የሚባለው ሮማዊ ጸሐፊ፣ በ79 እ.ኤ.አ. የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው፣ ስለዚህ ዛፍ ጽፏል። ቅጠሉን ከቁርቁራ ጋር፣ ፍሬውን ከድንብላል ጋር አመሳስሎታል። በዘይት ይቀቀላል፣ ይጨመቃል ይላል። ከዚያ ደረጃ ያወጣል፤ አንደኛው በግብጽ በአባይ ዳር በካኖፐስ የሚበቅለው፣ ሁለተኛው የአሽቀሎን፣ ሦስተኛው የቆጵሮስ ደሴት። በዚያው ዘመን የነበረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪደስም ጥሩው ሂና የአሽቀሎንና የካኖፐስ ነው ብሎ ጽፏል። ሁለት ሰዎች ተስማምተዋል፤ ስለዚህ ነገሩ የአንድ ሰው አፍንጫ ምስክርነት አይደለም።

ዋጋውንም ፕሊኒ አስቀምጧል፤ አንድ የሮማ ሊብራ፣ ማለት ከአንድ ኪሎ ሲሶ ያህል፣ 5 ዲናር። በዚያን ጊዜ አንድ የሮማ እግረኛ ወታደር በዓመት የሚከፈለው 225 ዲናር ነበር። አስሉት፤ የስምንት ቀን ደመወዝ ነው። እንደ ዛሬዎቹ ትንንሽ ጠርሙሶች ባይሆንም ርካሽ አልነበረም።

በእኛስ መጽሐፍ? በመኃልየ መኃልይ በምዕራፍ 1 በዓይን ጋዲ የወይን ቦታ የሚነሣው ኮፈር ይኸው ሂና ነው፤ የዛሬው ዕብራይስጥም ተክሉን ኮፈር ይለዋል። ግሪኮቹ ኪፕሮስ ሲሉት ስሙን ከዚያው ከሴማውያን ቋንቋ እንደ ወሰዱት ድምፁ ራሱ ይናገራል። ሚሽናም በሸቪዒት፣ ምድር በምታርፍበት በሰባተኛው ዓመት ሕግ ውስጥ፣ ኮፈርን ከጽጌረዳ ጋር አብሮ ይጠቅሰዋል። እንዲህ ያለ ሕግ የሚወጣው ሰው ለሚጠቀምበት ነገር ነው፤ እንዲያው በየሜዳው ለበቀለ አረም ማን ሕግ ያወጣል?

ተክሉን ላላያችሁት እንግለጸው፤ ሦስት ችግኞች በማሰሮ ተክለን አምጥተናል፣ ኋላ ታዩታላችሁ። ሂና እንደ አያያዙ ከ2 እስከ 6 ሜትር የሚያድግ ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ነው። ሙቀት ይወዳል፣ ድርቅ ይችላል፣ ውርጭ ግን አይችልም። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው በቆላው ነው፤ በአፋርና በሶማሌ በኩል። የሐረርና የድሬዳዋ ሙሽራ ያለ ሂና አትዳርም። አበባው ጥቃቅን፣ ነጣ ያለ፣ በዘለላ የሚወጣ ነው፤ ሽታው ከመጠኑ ይበልጣል። አሽቀሎን ለምን ተስማማው ብትሉን፣ ባሕሩ ብርዱን ያለዝብለታል፤ ከአሸዋው በታች ደግሞ ውሃ አለ። በፓርኩ ውስጥ ያያችኋቸው እነዚያ ሁሉ የጥንት ጉድጓዶች ለጌጥ አልተቆፈሩም።

ዘይቱ እንዴት ይሠራ ነበር? ልብ በሉልን፣ የመጣንበት ነገር እዚህ ላይ ነው። ከ100 ኪሎ የሂና አበባ በእንፋሎት የሚወጣው ንጹሕ ዘይት ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። ከሁለት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ! በጥንቱ አገር ይህን ማን ያወጣዋል? ስለዚህ ሌላ መንገድ ነበራቸው። ሽታ የሚባለው ነገር ከውሃ ይልቅ ቅባት ውስጥ ይሟሟል። አበባውን ገና ባልበሰለ ወይራ ዘይት ውስጥ ይዘፈዝፉታል፣ ያሞቁታል፣ ይጨምቁታል። ዘይቱ ሽታውን ይጠጣል። ፕሊኒ እንደሚለው ሄልም ይገባበታል፣ የአሪቲ ዘመድ የሆነ ቅጠልም ይገባበታል፣ አንዳንዶች ከርቤ ይጨምሩበታል። እንዲህ የተሠራው ዘይት እስከ አራት ዓመት ይቆያል ይላል።

ቅባት፣ ሄል፣ አሪቲ፣ ከርቤ። እናቶች፣ ይህን ሰምታችሁ አሠራሩን አላወቃችሁትም?

ይኸውላችሁ፤ አደስ ደርቆ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከለጋ ቅቤ ጋር ይለወሳል፣ ሽታው እስኪገባበት ይተዋል፣ ከዚያ ፀጉር ይቀባል። እናቶቻችን ከጎንደር ገጠር ይዘውት የመጡት ሙያ ሮማውያኑ በአሽቀሎን አበባ ይሠሩት ከነበረው ጋር በሥራው አንድ ነው፤ የሚለያየው ቅባቱና ቅጠሉ ነው። እዚያ የወይራ ዘይት ስለማይጨመቅ ቅቤ፤ እዚያ ደጋ ስለሆነ በሂና ፈንታ አደስ። አደስ ደግሞ ሌላ አይደለም፣ በሱኮት ከሉላቩ ጋር የምንይዘው ሀዳስ ነው። አንድ ተክል ነው! ስሙ እንኳ አልተለወጠም። በየዓመቱ በሱኮት ሰሞን ሹክ ውስጥ በከረጢት ሲሸጥ እናየዋለን፣ ከእናታችን ፀጉር ላይ ሲሸት ደግሞ እናፍርበታለን።

እናፍርበታለን ያልነው ሆን ብለን ነው። ከእኛ ከወጣቶቹ መካከል በትምህርት ቤት ወይም በአውቶቡስ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ተብሎ ያልተጠየቀ ካለ እጁን ያውጣ። (ሁለት እጅ ወጣ፤ አንደኛው የሕፃን ነበር።) ያንን ጥያቄ የሰማ ልጅ ቤቱ ሄዶ የሚያደርገውን እናውቃለን፤ እናቱን «ቅቤውን ተዪው» ይላታል። እሷም ትተዋለች። የወላጆች ስብሰባ ሲኖር ከሦስት ቀን በፊት ጀምራ ፀጉሯን የምታጥብ እናት አለች። አንዲት እናታችን እንደ ነገሩን፣ ልጇ ጓደኞቹን ሲያመጣ የቅቤውን ዕቃ ከፍሪጁ አውጥታ በረንዳ ላይ ትደብቀዋለች። ይህን እየሳቁ ነው የነገሩን፤ እኛ ግን አልሳቅንም። ከዚያ በኋላ ያው ልጅ አድጎ ሱቅ ይገባና ለአሥር ሚሊ ሊትር የአበባ ዘይት ገንዘብ ይከፍላል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ቅቤ ይበላሻል፣ ሲበላሽም ይሸታል። ይህን ለመደበቅ አልመጣንም። ግን ለምን እንደሚበላሽ እንወቅ። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው፤ ቅቤውም እዚያው የተናጠ ነው። አሽቀሎን ባሕሩ እግር ሥር ናት፤ የነሐሴን ሙቀትና ወበቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። እናቶቻችን ሙያው አልጠፋባቸውም፣ አየሩ ነው የተለወጠባቸው። ያነጋገርናቸው አንዳንድ እናቶች መላውን ራሳቸው አግኝተውታል፤ ጥቂት ጥቂት ነው የሚያዘጋጁት፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ከሳምንት በላይ አያቆዩትም። አንዲት ደግሞ ቅቤውን ትታ አደሱን በወይራ ዘይት ዘፍዝፋ ትጠቀማለች። ፕሊኒን አላነበበችም፤ ፕሊኒም እሷን አልጠየቃትም፣ ተገናኝተዋል።

በእንፋሎት የማጣራቱን ሙያም ቢሆን ለእኛ ባዕድ አድርገን አንየው። በሕንድ ካኖጅ በምትባል ከተማ እስከ ዛሬ አበባ የሚጣራው በመዳብ ጋን ነው። አበባና ውሃ ይገባበታል፣ አፉ በጭቃ ይመረጋል፣ እንፋሎቱ በቀርከሃ ቱቦ ሄዶ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ዕቃ ውስጥ ይወርዳል፤ እዚያ የሰንደል ዘይት ይጠብቀዋል። የሂና አበባ ሽቶም እንዲህ ይሠራል። ፎቶውን ለአንድ አባታችን ስናሳያቸው ትንሽ ተመለከቱና «ይኼማ አረቄ ነው» አሉን። ትክክል ናቸው። ድፍድፉ ተለወጠ እንጂ ጋኑም፣ መቃውም፣ ማቀዝቀዣው ውሃም ያው ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ጠጅ ሣር ባሉ መዓዛማ ተክሎችና በዘይታቸው ላይ ይሠራል። አያቶቻችን ለሆድ ያወቁትን ሌላው ለአፍንጫ እየሠራበት ነው።

ስለ ሠርግ ሂና ደግሞ ብዙ ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። ከሞሮኮና ከየመን የመጡት ጎረቤቶቻችን ከሠርግ በፊት የሂና ምሽት አላቸው፤ አሁን አሁን የእኛም ሙሽሮች ያደርጉታል። አንዳንድ ሽማግሌዎች «የእኛ አይደለም» ይላሉ፤ አንዳንድ ልጆች ደግሞ «እኛ ምንም አልነበረንም፣ ከእነሱ ወሰድነው» ይላሉ። ለሽማግሌዎቹ አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ፣ የልጆቹን አባባል ግን አንቀበለውም። በደጋው እንሶስላ ነበር። በእርጥብ ቦታ፣ በወንዝ ዳር ጥላ ውስጥ ይበቅላል፤ አበባው ነጭ ሆኖ ጉሮሮው ወይን ጠጅ ይላል፣ ሲመሽ ይሸታል። ሥሩ ይቆፈርና ይወቀጣል፤ እጅና እግር ላይ ተደርጎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይታደራል። ጠዋት ሲፈታ ቀልቷል። እናቶቻችን ለበዓልና ለሠርግ ሲሞቁት ኖረዋል። እኛን ያስገረመን ይህ ነው፤ ሂናና እንሶስላ በዝምድና የማይገናኙ ተክሎች ናቸው፣ የሚያቀላው ቀለም ግን በሁለቱም ውስጥ አንድ ነው፣ ሎውሶን ይባላል። በሂናው ቅጠሉ ውስጥ፣ በእንሶስላው ሥሩ ውስጥ ተቀምጧል። የቆላ ሰው ከቅጠል፣ የደጋ ሰው ከሥር አገኘው። ስለዚህ የሂና ምሽት የምታዘጋጁ ልጆች፣ አዘጋጁ፣ ማንም አይከለክላችሁም፤ ግን አያታችሁን ከጎናችሁ አስቀምጡና ስለ እንሶስላ ታውራ። የኛ ምክር ይህች ብቻ ናት።

ከዚህ ጋር አንድ ቆንጠጥ ያለ ማስጠንቀቂያ አለን፤ ወላጆች አድምጡን። እውነተኛ ሂና ጥቁር አይደለም። ሲቀባ አረንጓዴ ጭቃ ይመስላል፣ ሣር ሣር ይሸታል፣ ለሰዓታት ይቆያል፣ ሲነሣ ብርቱካንማ ሆኖ በማግስቱ ወደ ቡኒ ይጠቁራል። በሙቀቱ ወራት በባሕር ዳርና በበዓል ገበያ «ጥቁር ሂና» ተብሎ የሚሳለው፣ በግማሽ ሰዓት ቀለም የሚይዘው ግን ብዙውን ጊዜ ፒ ፒ ዲ የሚባል የፀጉር ማቅለሚያ ኬሚካል ያለበት ነው። ቆዳ ያቆስላል፣ ውኃ ያቋጥራል፣ ጠባሳ ይተዋል። የባሰው ደግሞ አንዴ ሰውነት ከጠላው ዕድሜ ልክ ሊጠላው ይችላል፤ ልጅቷ ከዓመታት በኋላ ፀጉሯን ቀለም ስትቀባ ፊቷ ያብጣል። ስለዚህ የሚቀባውን ሰው «ምን አለበት?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልነገራችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ሁለተኛ፣ ጂ 6 ፒ ዲ የሚባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ልጆች አሉ፤ ባቄላ የሚከለከሉት ማለት ነው። ለእነሱ እውነተኛውም ሂና አደገኛ ነው፤ ደማቸውን ሊያፈርስ ይችላል። ሕፃን ልጅ ሂና አትቀቡ። ካልተመረመራችሁ ቁፓት ሖሊም ሄዳችሁ ጠይቁ፣ የደም ምርመራ ነው።

የሚሠራውን ነገር ነግረናችሁ እንጨርስ። አንደኛ፣ ደብተር ከፍተናል። እስካሁን የአሥራ አንድ እናቶች አሠራር ተጽፏል፤ ሁለቱ እንኳ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዷ ከአደሱ ጋር በሶብላ ትጨምራለች፣ አንዷ «በሶብላ ለወጥ ነው!» ብላ ተቆጥታናለች። ሁለቱንም ጽፈናል። የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ ትግርኛ ተናጋሪ እናቶቻችንም የተክሉን ስም በትግርኛ እንዲያስጽፉ እንፈልጋለን፤ ዕብራይስጡን እኛ እንፈልገዋለን። መጻፍ የማይችል ልጅ በስልኩ ድምፅ ይቅዳ፣ እኛ እንገለብጠዋለን። እናት ስሟ እንዲጻፍ ካልፈለገች አይጻፍም። መቸኮላችንን አትታዘቡን፤ ደብተሩን ስንጀምር ልናነጋግራቸው ከያዝናቸው እናቶች አንዷ ሳንደርስባቸው አርፈዋል። እሳቸው የሚያውቁትን አሁን የሚነግረን የለም።

ሁለተኛ፣ ሂናውን ለመትከል። ፓርኩ ውስጥ መትከልም ሆነ ቅጠል መበጠስ ክልክል ነው፣ ሕጉን እናክብር፤ የምንተክለው በየበረንዳችን ነው። ፍሬው እንደ አሸዋ ደቃቅ ስለሆነ ወደ ታች አትቅበሩት፤ አፈሩ ላይ በትኑት፣ በእጃችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ለሁለት ሦስት ቀን በውሃ ዘፍዝፎ መዝራት ይረዳል። ሙቀት ይፈልጋልና ከፋሲካ በፊት ብትዘሩት በብርዱ ዝም ይላችኋል። ከበቀለ በኋላ ፀሐይ ሙሉውን ቀን ያግኝ፣ ውሃ አታብዙበት። ክረምቱ ሲገባ ማሰሮውን ከነፋስ አስጠጉት። አበባ ለማየት ሁለት ሦስት ዓመት ታግሣችሁ ጠብቁ። ያኔ አበባውን በወይራ ዘይት ዘፍዝፈን፣ የአሽቀሎን ዘይት የተባለው ምን ምን እንደሚል በገዛ አፍንጫችን እናያለን።

የፍሬው ፖስታ ከገንዘብ ያዡዋ ዘንድ ነው፤ በነፃ ነው፣ ግን የወሰደ ሰው ስሙን ያስመዝግብ፣ በሻቩዖት ሰሞን ደውለን እንጠይቀዋለን። አሁን ሁለት ዕቃ እናዞራለን፤ በዚህ በኩል አደስ ያለበት ቅቤ፣ በዚያ በኩል አደስ ያለበት ወይራ ዘይት። ክዳኑን ከፍቶ ያሸተተ ለጎረቤቱ ያሳልፍ። ልጆች፣ ከእናንተ ይጀመር።